የባቢሌ ለውዝና አፍላቶክሲን፦ ስቆላው አይጠፋም ወይ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ነው። የ9 ወር ልጅ አለኝ። ከከፊራ ገበያ የተፈለፈለ የባቢሌ ለውዝ እገዛለሁ፤ ቆልቼ አስፈጭቼ ምጥኑ ላይ እጨምርለታለሁ። የተረፈውን የለውዝ ቅቤ አድርጌ በጠርሙስ ለጎረቤት እሸጣለሁ። ሰሞኑን እህቴ ‹ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለበት፣ ለልጁ እንዳትሰጪው› አለችኝ። እኔ ግን በደንብ ስለምቆላው የሚተርፍ መርዝ ያለ አይመስለኝም። ሻጋታ የታየበትን አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። በጣም የተበላሸውን ደግሞ ለፍየሎቻችንና ለዶሮዎቹ እሰጣለሁ። ልክ ነኝ? ወይስ ለውዝ ጨርሶ ልተው? መልስ ብትሰጡኝ።»

ለውዙን አትተዪው። ግን የተማመንሽባቸው ሦስቱም ነገሮች፣ መቁላቱም፣ ማጠቡም፣ ለፍየል መስጠቱም፣ ያሰብሽውን ሥራ አይሠሩም። ሦስተኛው እንዲያውም መርዙን አዙሮ ልጅሽ ኩባያ ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። ዋናው ሥራ ያለው ምጣዱ ላይ ሳይሆን ሰፌዱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሻጋታውንና መርዙን እንለያቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻጋታው ሕይወት ያለው ነገር ነው። አስፐርጊለስ ፍላቨስ ይባላል፤ መኖሪያው አፈርና የደረቀ ገለባ ነው። አፍላቶክሲን ደግሞ ይህ ሻጋታ ፍሬው ውስጥ ሲያድግ የሚሠራው ኬሚካል ነው። ሻጋታው ቢሞትም ኬሚካሉ እዚያው ይቀራል። ምጣድሽ ሻጋታውን ይገድለዋል፤ በዚህ አልተሳሳትሽም። ኬሚካሉ ግን በደንብ የሚፈርሰው ሙቀቱ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ነው። ለውዝ ቡናማ ሆኖ ሽታው ቤቱን የሚሞላው ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። እዚያ እስኪደርስ ብትጠብቂ የሚተርፍሽ ከሰል ነው።

መቁላት ምንም አይቀንስም ማለቴ አይደለም። እንደ እሳቱና እንደ ቆይታው ከመርዙ ሲሶውን፣ አንዳንዴም ግማሹን ሊያነሳ ይችላል። ግን ከብዙ ላይ ግማሽ ቢነሳ የሚቀረውም ብዙ ነው። ገንፎ ማፍላት ከዚያም ያነሰ ነው የሚሠራው፤ ውሃ ከ100 ዲግሪ አያልፍም።

ማጠብም እንዲሁ ነው። የምታጥቢው ላዩን ነው፤ ሻጋታው ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው ሁለቱ የፍሬው ክፋዮች መሀል ነው። ጭራሽ እርጥበት ጨመርሽበት ማለት ነው። የድሬ ፀሐይ ጠንካራ ቢሆንም የረጠበ ፍሬ ውስጡ እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሻጋታው ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ጊዜ ነው። ከውሃ አንድ የሚረባ ነገር ቢኖር እየተንሳፈፈ የሚወጣውን መለየት ነው። የተጎዳ ፍሬ ብዙ ጊዜ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል። ይህን የምታደርጊ ከሆነ ግን የሰመጠው ወዲያው ምጣድ ላይ መውጣት አለበት። ለነገ ብለሽ ካሳደርሽው ባታጥቢው ይሻልሽ ነበር።

አፍላቶክሲን ጣዕም የለውም፣ ሽታም የለውም። በርጫ ላይ አንድ መራራ ፍሬ አጋጥሞት የተፋ ሰው «መርዙን ተፋሁት» ይላል። የተፋው ቅባቱ የተበላሸ ወይም የሻገተ ፍሬ ነው። መትፋቱ ጥሩ ነው፤ ግን መራራ ያልሆነው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ ምክንያቱን ካላወቅሽ መፍትሔው ትርጉም አይሰጥሽም። ለውዝ ፍሬውን የሚያፈራው አፈር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከሻጋታው ጋር ጎረቤት ሆኖ ነው የሚያድገው። ባቢሌ፣ ጉርሱምና ፈዲስ አሸዋማ አፈር አላቸው፤ ለውዝ ይህን ይወዳል፣ ሲነቀልም በቀላሉ ይወጣል። ችግሩ ዝናቡ ነው። ፍሬው በሚሞላባቸው የመጨረሻዎቹ ከ3 እስከ 6 ሳምንታት ዝናብ ከተቋረጠና አፈሩ ከጋለ ተክሉ ይዳከማል። እርጥበት ያላት ለውዝ ሻጋታን የምትከላከልበት የራሷ ኬሚካል አላት፤ ስትደርቅ ግን መሥራት ታቆማለች። ሻጋታው ደግሞ ሙቀትና ድርቀት አይበግረውም። እዚህ ላይ ምስጥ ቅርፊቱን ከበሳው በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ለውዝ ከመሬት ሳይነቀል ነው የሚበከለው። ከዚያ በኋላ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ አንቺም ያንን ፍሬ ማከም አትችሉም፤ ማውጣት ብቻ ነው የምትችሉት።

የቀረው ጥፋት ከነቀላ በኋላ የሚመጣ ነው። ፍሬው በደንብ ሳይደርቅ መከመር፣ መሬት ላይ ማስጣት፣ ድንገት ዝናብ ሲመጣ አለመሸፈን፣ እርጥቡን ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ አይሱዙ ላይ መጫን። የተፈለፈለ ለውዝ በሰላም እንዲቀመጥ እርጥበቱ ከመቶ 7 ወይም 8 አካባቢ መሆን አለበት። ይህ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ በቆሎ እንኳ በ13 ይቀመጣል። በጠርሙስ ጨውና እህል አድርጎ ነቅንቆ እርጥበት መለካት ተለምዷል፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ነው ይባላል። ለበቆሎ ያገለግላል፤ ለለውዝ ግን አትመኚው፤ ጨው የሚጣበቀው እርጥበቱ ከ15 ሲያልፍ ነው፣ ለውዝ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ በፊት ይበላሻል።

ሌላ አንድ ክፉ ልማድ አለ። በብዙ የአፍሪካ የለውዝ አገሮች ቅርፊቱ በእጅ ለመፈልፈል እንዲለሰልስ ውሃ ይረጩበታል። ጣት ያርፋል፣ ሚዛንም ይጨምራል። ሻጋታ ለማርባት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። የተፈለፈለ ለውዝ ገበያ ላይ ስትገዢ ይህ ተደርጎበት እንደሆነ ማወቂያ የለሽም።

«ታዲያ እኛ አካባቢ ምን ያህል ነው?» ትይኝ ይሆናል። በባቢሌ፣ በጉርሱም፣ በፈዲስና በዳሮ ለቡ የተሰበሰበ ለውዝ የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከ120 ናሙናዎች በ93ቱ አፍላቶክሲን አግኝቷል። መጠኑ በኪሎ ከ15 ማይክሮግራም ጀምሮ ወደ 12,000 እስከሚጠጋ ይደርሳል። ማይክሮግራም ማለት የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት ለምግብ ለቀረበ ለውዝ የሚፈቅደው በኪሎ 4 ነው፤ አሜሪካ 20። ልብ በይ፣ ይህ ባቢሌ ያለ ለውዝ ሁሉ 12,000 አለበት ማለት አይደለም። የሚያሳየው በአንድ ገበያ፣ በአንድ ወቅት፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ማዳበሪያዎች የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ነው።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። በጣም ብዙ መጠን በአንድ ጊዜ ከተበላ ጉበትን በቀናት ውስጥ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ኬንያ ውስጥ በተበከለ በቆሎ 317 ሰው ታሞ 125 ሞቷል። ይህ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። የተለመደው ትንሽ በትንሹ፣ ለዓመታት የሚገባው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም አፍላቶክሲንን ሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ ከተረጋገጠላቸው ነገሮች አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ የሚያጠቃው ጉበትን ነው። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ አደጋው እጥፍ ድርብ ነው። ቤኒንና ቶጎ ውስጥ የተጠኑ ሕፃናት ላይም ደማቸው ውስጥ ብዙ አፍላቶክሲን የተገኘባቸው ቁመታቸውና ክብደታቸው አንሶ ታይቷል። ድህነትና በሽታም አብረው ስላሉ መቀንጨሩን በሙሉ በእሱ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ለመጠንቀቅ ግን ይበቃል።

እግረ መንገዴን፣ ሐረር ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። ጫትና ለውዝ በኛ አገር አንድ ሰሐን ላይ ነው የሚቀርቡት። ስለዚህ የልጁ አባት ቃሚ ከሆነ እሱም ለውዙን እያየ ይብላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አፍላቶክሲን ለውዙ ውስጥ እኩል አልተሰራጨም። ምስር ውስጥ እንዳለ ጠጠር ነው፤ ብዙው ንጹሕ ነው፣ ጥቂቱ ጥርስ ይሰብራል። ከሺዎች አንዷ ፍሬ ብቻዋን ማዳበሪያውን በሙሉ ከተፈቀደው በላይ ልታደርገው ትችላለች። ይህ መጥፎም ጥሩም ዜና ነው። መጥፎነቱ፣ ወፍጮ ቤት ስትገቢ ያቺ ፍሬ ከሌላው ጋር ትቀላቀላለች፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ማንኪያ ድርሻውን ይይዛል። ጥሩነቱ፣ ከመፈጨቱ በፊት ጥቂቶቹን ካወጣሻቸው አብዛኛው መርዝ አብሯቸው ይወጣል። በእጅ መልቀም ብዙ ቦታ ተሞክሯል፤ ላብራቶሪ በሌለበት ቤት ከእሱ የሚበልጥ ዘዴ የለም።

ስለዚህ አለቃቀሙን ልንገርሽ፤ ምስር እንደሚለቀመው በችኮላ አይሆንም። ብርሃን ያለበት ቦታ ሁኚ፤ ደጅ ጥላ ሥር ከሁሉ ይሻላል። አፍንጫሽን በሻሽ ሸፍኚ፣ አቧራው ጥሩ አይደለም። ሰፌዱ ላይ ፍሬው እንዳይደራረብ ስስ አድርገሽ በትኚ። ጤነኛ ለውዝ ሙሉ ነው፣ ቆዳው የተወጠረና አንድ ዓይነት ሐምራዊ ወይም ቀላ ያለ ቀለም አለው። የምታወጪው የተጨማደደውን፣ ቆዳው የጠቆረውን ወይም የወየበውን፣ ነጠብጣብ ያለበትን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የበቀለውን፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ዱቄት የያዘውን ነው። የተሰበረውንና ለሁለት የተከፈለውንም አውጪ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳል፤ «ምን አለበት፣ ተሰበረ እንጂ አልተበላሸ» ይላል። ቆዳው የተቀደደ ፍሬ ግን መከላከያው የወደቀ ፍሬ ነው። ስትጠራጠሪ አውጪው። ከአንድ ኪሎ አንድ ሁለት እፍኝ ቢወጣ አይክፋሽ።

ከዚያ ቁዪው። ሲበርድ አሽተሽ ገለባውን አንፍሺና እንደገና ልቀሚው። ሁለተኛው ለቀማ ከመጀመሪያው የማይተናነስ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ቆዳው የደበቀው ነገር አሁን ይታያል። ጤነኛው እኩል ወርቃማ ሆኖ ይቆላል። ያልሆነው ወይ ሌላው ሳይጠቁር ይጠቁራል፣ ወይ ቆዳው እንቢ ብሎ ይጣበቃል፣ ወይ ለሁለት ሲከፈል መሀሉ ቢጫ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆናል። እንደዚህ ያለውን ሁሉ ጣይ። ወፍጮ የሚገባው ከዚህ የተረፈው ብቻ ነው።

ለውዝ ቅቤ ላይ ያለኝን ቅሬታም ልናገር። ሙሉ ሙሉው ፍሬ ለቆሎ ይሸጣል፤ ስብርባሪውና ጥቃቅኑ ርካሽ ስለሆነ ለፈጪ ይሄዳል። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ መልክ የለውም። የጠቆረው፣ የተሸበሸበው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ቅባት ነው። ስለዚህ በጣም መጥፎው ለውዝ፣ በጣም ለስላሳ ሆኖ፣ በጣም ትንሹ ልጅ ዘንድ ይደርሳል። ርካሽ ስብርባሪ ገዝተሽ አታስፈጪ። በዚህ ጉዳይ ላይ «እንደ አቅም» አልልሽም።

አገዛዝሽንም ቀይሪ። ከቅርፊቱ ያልወጣውን ግዢና ቤት ፈልፍዪው። አዎ፣ ጣት ይላጥ ይሆናል። ግን ቅርፊቱ የተፈጥሮ መያዣው ነው፣ ውሃ የነካውም ቶሎ ይታወቃል፤ ይጠቁራል፣ አፈር ይይዛል፣ ይለሰልሳል። ደረቅ ለውዝ ጆሮሽ ጋ ስትነቀንቂው ይንኳኳል፤ ፍሬው በጣት ሲታሽ ቆዳው ይላቀቃል፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የሚተጣጠፍ ከሆነ አትግዢው። ቀዳዳ ያለበትን ቅርፊት ለይተሽ ጣይ። ዋጋ ስታወዳድሪ ደግሞ ከ10 ኪሎ ባለቅርፊት የሚወጣሽ ፍሬ ከ6 ኪሎ ተኩል እስከ 7 ኪሎ እንደሆነ አስቢ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

ወቅትም አለው። አዲሱ ለውዝ የሚገባው ከጥቅምትና ኅዳር ጀምሮ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የምትገዪው ወራት የተቀመጠ፣ እርጥበት ያየ ነው። ያኔ ትንሽ ትንሽ ግዢ፣ ለቀማውንም አጥብቂ። ቤት ስታስቀምጪ ባለቅርፊቱን በጆንያ፣ ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ ከግድግዳ አርቀሽ። አየር የማያስገባ ጀሪካን ወይም ባልዲ የሚረዳው ሙሉ በሙሉ ለደረቀ ነገር ብቻ ነው። እርጥቡን አሽገሽ ካስቀመጥሽው የላብ ቤት ሠራሽለት።

ፍየሎቹና ዶሮዎቹ ጋ እንምጣ። አፍላቶክሲን የታወቀው ራሱ በመኖ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ተርኪ የሚባሉ፣ እንደ ዶሮ የሚረቡ ከ100,000 በላይ ትልልቅ ወፎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲጣራ የበሉት ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ነበር። ዶሮ እንደ ተርኪ ቶሎ አይሞትም፤ ግን ጉበቱ ይጎዳል፣ ዕድገቱ ይቀራል፣ እንቁላሉ ይቀንሳል። ፍየል ከዶሮ ይጠነክራል። ችግሩ ወተቱ ነው። የምታጠባ ወይም የምትታለብ እንስሳ ከበላችው አፍላቶክሲን ውስጥ ከመቶ ከ1 እስከ 6 የሚሆነው መልኩን ቀይሮ ወተት ውስጥ ይወጣል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ይታያል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። የአዲስ አበባ አካባቢ ወተት ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከ110 ናሙና በሁሉም ላይ አግኝቶታል፤ አውሮፓ ከምትፈቅደው በታች የሆኑት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ታዲያ አንቺ ከልጅሽ ገንፎ ላይ የለቀምሽውን ለፍየሏ ሰጥተሽ፣ ማታ ወተቷን ለልጁ ብታጠጪው፣ ምን ለቀምሽ? ደግነቱ እንስሳዋ መብላት ካቆመች ከጥቂት ቀናት በኋላ ወተቱ ይጠራል። ስለዚህ ዛሬ አቁሚ። የተለቀመውን ቅበሪው። ለለማኝም፣ ለርካሽ ገዢም፣ ለዘይት ጨማቂም አትስጪው። ቤት ውስጥ የተጨመቀ ያልተጣራ ዘይት መርዙን በከፊል ይይዛል፣ ፋጉሎው ደግሞ አብዛኛውን።

ልጁን በተመለከተ። እህትሽ ግማሽ ልክ ነች። ለውዝ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን፣ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። የበቆሎ ገንፎ ብቻ ለሚበላ ሕፃን እንዲህ ያለ ምግብ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ማውጣቱም ጉዳት አለው። ግን ልጁ 8 ወይም 9 ኪሎ ነው። በቀን 20 ግራም ለውዝ ቢበላ፣ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ካለበት የሚያገኘው 0.2 ማይክሮግራም ነው። በኪሎ 1,000 ካለበት 20 ይሆናል። አባቱ ያንኑ ቢበላ 65 ኪሎ ሰውነት ላይ ይከፋፈላል፤ ልጁ ግን ዕለት በዕለት፣ በዚያች ትንሽ ጉበት።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ የተለቀመ ለውዝ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ስጪው። በሌሎቹ ቀናት ሽምብራ፣ ምስር፣ እንቁላል ይተኩ። ይህ የመርዙን ድርሻ ከመቀነሱም በላይ ለልጁ ምግብነቱ ይሻላል። ሌላው ስህተት ምጥኑ ነው። ብዙ እናት ለውዙን ከእህሉ ጋር ቀላቅላ የወራት ታስፈጫለች። ለውዝ ቅባት አለው፤ በድሬ ሙቀት ዱቄቱን ቶሎ ያበላሸዋል፣ እርጥበት ካገኘም ይሻግታል። ለውዙን ለብቻው፣ ለአንድ ለሁለት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፍጪና ገንፎው ሲወጣ ጨምሪበት። በቆሎውንም አትርሺው። እሱም በዚሁ ሻጋታ ይጠቃል፣ ልጁም ከለውዙ ይልቅ የሚበላው እሱን ነው። ሳይፈጭ ልቀሚው፤ የጠቆረውንና የሻገተውን አውጪ። አዲስ አበባ ላይ ቀደም ብሎ የተሠራ ጥናት ሽሮና በርበሬ ላይም አፍላቶክሲን አግኝቷል፤ ስለዚህ የጓዳሽ ጠላት ለውዝ ብቻ አይደለም።

ሦስት ነገር ላስጠንቅቅሽ። ሙሉ ፍሬ ለሕፃን አይሰጥም፣ ያንቀዋል። መጀመሪያ ስትሰጪው በትንሹ ጀምሪ፤ ፊቱ ካበጠ፣ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም ትንፋሹ ከከበደው ወዲያው ሐኪም ቤት። ሦስተኛ፣ የእናት ጡት ወተት ውስጥም ከምትበዪው ትንሽ ይገባል ብለሽ ማጥባት እንዳታቆሚ፤ የምትበዪውን ለቅመሽ ብዪ። የልጁን የክትባት ካርድም እዪ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አምስቱን በአንድ ከሚይዘው መርፌ ጋር በነፃ ይሰጣል። ካልጨረሰ ይጨርስ፤ ለጉበቱ ከየትኛውም ለቀማ የማይተናነስ ጥበቃ ነው።

«ላስመርምረው ወይ?» ለምትይ፣ ለቤት ፍጆታ አያዋጣም። መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች አንድ ኩባያ ወስደሽ «ንጹሕ ነው» ብትባዪ ስለ ማዳበሪያው ብዙም አላወቅሽም። ምርመራ የሚረባው ብዙ ቦታ ተወስዶ፣ ተፈጭቶ፣ ተደባልቆ ሲሆን ነው፤ ያ የነጋዴና የፋብሪካ ሥራ ነው። መልቀምም ገደብ አለው። ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ የተበከለ ፍሬ ያመልጥሻል። ስለዚህ ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አያደርገውም፤ ዜሮ ነው የሚልሽን አትመኚ። ማሳው ላይ መርዝ የማይሠራውን የዚህኑ ሻጋታ ዝርያ በመበተን መርዛሙን ማስለቀቅ ናይጄሪያና ኬንያ ውስጥ ይሠራበታል፤ ያ ግን ለገበሬ እንጂ ለጓዳ አይደለም።

ስለምትሸጪው። አሁን ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቅቤ በምን ለውዝ እንደተሠራ አንቺም አታውቂም፤ ታጥቦ የተሰጣው ፍሬም ገብቶበታል። እሱን አትሽጪ፣ ለልጁም አትስጪ። ከዛሬ ጀምሮ ባለቅርፊት ገዝተሽ፣ ቤት ፈልፍለሽ፣ ከመቁላትሽ በፊትም ከቆላሽ በኋላም ለቅመሽ ሥሪ። ወፍጮ ቤት ከሄድሽ ከፊትሽ የተፈጨው የማን እንደሆነ አታውቂምና መጀመሪያ የሚወጣውን እፍኝ ጣይ፣ ከተቻለ የራስሽን መፍጫ ተጠቀሚ። ዋጋው ከበፊቱ ይጨምራል፤ ለጎረቤቶችሽ ለምን እንደጨመረ ንገሪያቸው። በድሮው ዋጋ ካልሆነ አንገዛም ካሉ ለቤት ብቻ ሥሪና መሸጡን ተዪው።